ያገለገለ የቢሮ ላፕቶፕ ወይስ አዲስ ርካሽ ላፕቶፕ? በአንድ በጀት የቱ ያዋጣል

መጠነኛ ገንዘብ ይዞ አዲስ አበባ ገበያ የወጣ ሰው ብዙ ጊዜ ሁለት ዓይነት ላፕቶፕ ይቀርብለታል። አንዱ ከካርቶን የወጣ አዲስ ነው፦ ሴሌሮን ፕሮሰሰር፣ 4 ጊጋ ራም፣ 64 ወይም 128 ጊጋ ማከማቻ። ሌላው ከዱባይ ወይም ከአሜሪካ የገባ ያገለገለ የቢሮ ላፕቶፕ ነው፦ ሌኖቮ ቲንክፓድ፣ ዴል ላቲቲዩድ፣ ኤችፒ ኤሊትቡክ። እነዚህን ትልልቅ ድርጅቶች ሦስት አራት ዓመት ከሠሩባቸው በኋላ በጅምላ ያስወግዷቸዋል። ዋጋ በብር አንጠቅስም፤ ከሐምሌ 2016ቱ የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ የተጻፈ ዋጋ ቶሎ ያረጃል። የሁለቱ ዋጋ ከተቀራረበ ግን ምክራችን አንድ ነው፦ ያገለገለውን ይውሰዱ፣ ፕሮሰሰሩ ኢንቴል 8ኛ ጀነሬሽን (ትውልድ) ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ብቻ።

ለምን 8ኛ ጀነሬሽን?

የፕሮሰሰሩን ሙሉ ቁጥር ይጠይቁ። "ኮር አይ7 ነው" መልስ አይደለም። አይ7-4600ዩ 4ኛ ጀነሬሽን ነው፤ አይ5-8350ዩ ደግሞ 8ኛ። በቀጫጭን ላፕቶፖች የሚገቡት፣ በቁጥራቸው መጨረሻ "ዩ" ያለባቸው አይ5 እና አይ7 ፕሮሰሰሮች እስከ 7ኛው ድረስ ባለ ሁለት ኮር (ሥራውን የሚካፈሉ ክፍሎች) ነበሩ። ኢንቴል እ.ኤ.አ. በ2017 8ኛውን ሲያወጣ አራት ኮር አደረጋቸው። ስለዚህ አይ5-8250ዩ በስም ከሚበልጠው አይ7-7600ዩ ይሻላል፣ በተለይ ብራውዘር፣ ኤክሴል እና ዙም አንድ ላይ ሲከፈቱ።

ሁለተኛው ምክንያት ዊንዶውስ ነው። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። ለግል ተጠቃሚዎች የተሰጠው ተጨማሪ የደኅንነት ማሻሻያም ጥቅምት 3 ቀን 2019 ዓ.ም. ያበቃል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ከጥቂት ሞዴሎች በስተቀር ከ8ኛ ጀነሬሽን በታች ያለውን በይፋ አይቀበልም። ሩፈስ በሚባለው ፕሮግራም ገደቡን አልፎ መጫን ይቻላል፤ "ዊንዶውስ 11 ተጭኖበታል" ተብሎ የሚሸጠው 5ኛ ጀነሬሽን በአብዛኛው እንዲህ የተጫነ ነው። ይሠራል፤ ግን ለነገው ማሻሻያ ማይክሮሶፍት ቃል አልገባበትም።

ቪዲዮም አለ። ዩቲዩብ ብዙውን ቪዲዮ የሚልከው ቪፒ9 በሚባል ፎርማት ነው። ከ7ኛ ጀነሬሽን ጀምሮ ይህን የሚፈታ ክፍል ቺፑ ውስጥ አለ፤ 4ኛው ግን በፕሮሰሰሩ ጉልበት ስለሚሠራው ፋኑ ይጮኻል፣ ባትሪውም ቶሎ ያልቃል።

አዲሱ ርካሽ ምን ይዟል?

ሴሌሮን ኤን4020 ባለ ሁለት ኮር ነው፣ ዊንዶውስ 11ንም በይፋ ይቀበላል። ችግሩ ዙሪያው ነው። 4 ጊጋ ራም ይዞ ዊንዶውስ 11 እና አምስት ስድስት ገጽ የተከፈተበት ክሮም ሲሠራ ራሙ ይሞላል። ያኔ ማሽኑ የተረፈውን ወደ ማከማቻው ይገለብጣል። በርካሾቹ ላይ ማከማቻው ኢኤምኤምሲ የሚባለው፣ ከኤስኤስዲ በእጅጉ የዘገየ ቺፕ ስለሆነ ሁሉ ነገር እንደ ቀንድ አውጣ ይጎተታል። ራሙም ማከማቻውም ብዙ ጊዜ ማዘርቦርዱ (ዋናው ሰሌዳ) ላይ የተበየዱ ናቸውና ነገ ገንዘብ ቢያገኙም የሚቀየር ነገር የለም። 64 ጊጋው ላይ ከጊዜ በኋላ ትልልቆቹ የዊንዶውስ ማሻሻያዎች በቦታ ማነስ ይከሽፋሉ።

ስክሪኑ አብዛኛውን ጊዜ 1366 በ768 ነው፣ ከጎን ሲያዩትም ቀለሙ ይገረጣል። ከ8ኛ ጀነሬሽን የቢሮ ላፕቶፖች ብዙዎቹ 1920 በ1080 ናቸው። ብዙዎቹ ስንል ሁሉም ማለታችን አይደለም፤ ቲንክፓድ ቲ480 በ1366 ስክሪንም ተሽጧልና በዓይንዎ ያረጋግጡ።

አዲሱ በእርግጥ የሚበልጠው በባትሪ ነው። ሴሌሮኑ 6 ዋት የሚበላ ቺፕ ነው፣ የቢሮው 15 ዋት፤ የአዲሱ ባትሪ ደግሞ ገና ትኩስ ነው። መብራት ብልጭ ድርግም በሚልበት ሰፈር ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ባትሪው የሞተ ላፕቶፕ መብራት በሄደ ቁጥር ድርግም ይላል፣ ያልተቀመጠ ሥራ ይጠፋል፣ አንዳንዴም ዊንዶውሱ ራሱ ይበላሻል።

ያገለገሉትም አንድ ዓይነት አይደሉም

ቲንክፓድ ቲ480፣ ላቲቲዩድ 7490 እና ኤሊትቡክ 840 ጂ5 ሦስቱም ሁለት የራም ማስገቢያ አላቸው። ባለ 8 ጊጋ ገዝቶ ሌላ 8 ጊጋ ዲዲአር4 የሚባለውን የራም ዓይነት መጨመር ይቻላል፤ ሁለት ራም ሲሆን ግራፊክሱም ይፈጥናል። ስማቸው የሚመሳሰለው ግን ያሳስታል። ቲ480ኤስ ከፊሉ የተበየደ ራም እና አንድ ማስገቢያ ብቻ ነው ያለው። ኤክስ280 እና ኤክስ1 ካርበን ሙሉ በሙሉ የተበየዱ ናቸው፤ ካማሩዎት 16 ጊጋ የሆነውን ብቻ ይፈልጉ።

ለእኛ አገር መብራት ቲ480ን እናስቀድማለን። ሁለት ባትሪ አለው፦ 24 ዋት ሰዓት የሆነ አንድ ውስጥ፣ ሌላ ከኋላ በእጅ የሚወጣ። ውስጠኛው ማሽኑን ስለሚይዘው የውጪውን ሳያጠፉ አውጥተው ሙሉ በሆነ መቀየር ይችላሉ። ደካማ ጎኑ ዩኤስቢ ሲ ነው። ተንደርቦልት የሚባለው ፈጣን የዩኤስቢ ሲ ፖርት ሶፍትዌር በጊዜው ካልታደሰ ፖርቱ ሊበላሽ ይችላል፤ ማሽኑ ቻርጅ የሚያደርገው ደግሞ በዩኤስቢ ሲ ነው። ሁለቱም የዩኤስቢ ሲ ማስገቢያዎች ላይ ቻርጀር ሰክተው ቻርጅ ማድረጋቸውን ይዩ።

በዴሉ ላይ የሚጠበቀው ቻርጀሩ ነው። ክቡ ሶኬት መሀሉ ላይ ቀጭን መርፌ አለችው፤ ላፕቶፑ ቻርጀሩን የሚለየው በእሷ ነው። መርፌዋ ከታጠፈች ወይም ቻርጀሩ ኦሪጅናል ካልሆነ ሲበራ "የቻርጀሩ ዓይነት አልታወቀም" የሚል መልእክት ይመጣል፣ ባትሪው ቻርጅ አያደርግም፣ ፕሮሰሰሩም ፍጥነቱን ይቀንሳል። "ማሽኑ ዘገየ" ተብሎ ፎርማት ከሚደረገው ዴል መካከል የቻርጀር እንጂ የዊንዶውስ ችግር የሌለበት ጥቂት አይደለም።

ገንዘብ ከመክፈል በፊት

መጀመሪያ አጥፍተው ሲያበሩ ወደ ባዮስ (ከዊንዶውስ በፊት የሚመጣው የማሽኑ ማስተካከያ ገጽ) ይግቡ፦ ሌኖቮ ኤፍ1፣ ዴል ኤፍ2፣ ኤችፒ ኤፍ10። የይለፍ ቃል ከጠየቀ ይተዉት። "ትንሿን ባትሪ ነቅለን እናጠፋዋለን" ቢሉዎትም አይስሙ፤ በቲንክፓድ የሱፐርቫይዘር ይለፍ ቃል የሚቀመጠው ኃይል ቢቋረጥም በማይጠፋ ቺፕ ላይ ነው።

ቀጥሎ የድርጅት ቁልፍ ነው፣ ገዢ የሚረሳው እና በኋላ የሚያለቅስበት። ከድርጅት የወጣ ላፕቶፕ ከቀድሞው ባለቤት መዝገብ ካልተሰረዘ፣ ዊንዶውስ አዲስ ሲጫን እና ኢንተርኔት ሲያገኝ የድርጅቱን ስም ያወጣና የሠራተኛ ኢሜይል ይጠይቃል። ሱቁ ያለ ኢንተርኔት ስለጫነው ያኔ አይታይም፤ ቤት ገብተው ፎርማት ሲያደርጉት ይመጣል፣ ሻጩም የውሃ ሽታ ይሆናል። እዚያው ሱቁ ውስጥ የስልክዎን ኢንተርኔት አገናኝተው ሪሴት ያስደርጉት። ጊዜ ይወስዳል፤ የማይፈቅድ ሻጭ ግን በራሱ መልስ ሰጥቷል።

ባትሪውን በግምት አይለኩ። ኮማንድ ፕሮምፕት (የዊንዶውስ ትእዛዝ መጻፊያ መስኮት) ላይ የባትሪ ሪፖርት ያስወጡና "ዲዛይን ካፓሲቲ" ከሚለው ሥር "ፉል ቻርጅ ካፓሲቲ"ን ይመልከቱ። 50,000 ሆኖ ተሠርቶ አሁን 41,000 የሚይዝ ከሆነ 82 በመቶ ነው፣ ጥሩ ነው። ከ60 በመቶ በታች ከሆነ የአዲስ ባትሪ ዋጋ ከሒሳቡ ላይ ያስቀንሱ። የማውስ ፓዱ ከፍ ካለ ወይም አልጫን ካለ ባትሪው አብጧል ማለት ስለሆነ ማሽኑን ይመልሱ።

የኤስኤስዲውን ጤና ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ የሚባለው ፕሮግራም በመቶኛ ያሳያል። ከዚያ ባለ 1080 ቪዲዮ ከፍተው ሩብ ሰዓት ያቆዩት፤ ፋኑ ያለማቋረጥ ከጮኸ አቧራ ወይም የደረቀ ቴርማል ፔስት (የፕሮሰሰሩን ሙቀት የሚያስተላልፍ ቅባት) ነው፣ ሁለቱም በቀላል ወጪ ይስተካከላሉ። ኪቦርዱን ቁልፍ በቁልፍ ይሞክሩ። ከጀርመን የመጣው ዋይ እና ዜድ ቦታ ተለዋውጠውበታል፣ ከዓረብ አገር የመጣው የዓረብኛ ፊደል አለበት። ይህ ጉዳት አይደለም፣ ዋጋ ለማስቀነስ ግን ይጠቅማል።

አሜሪካ ወይም አውሮፓ ያለ ዘመድ የሚልክልዎ ከሆነ "ላፕቶፕ ላክልኝ" ብለው አይተዉት። ሞዴሉን፣ የፕሮሰሰሩን ቁጥር እና የራሙን መጠን ጽፈው ይስጡት፤ መመለስ ከሚፈቅድ ሻጭ እንዲገዛና ድርጅታዊ ቁልፉን እዚያው እንዲፈትሽ ይንገሩት። ትርፍ ባትሪ ካለ በእጅ ሻንጣ ነው የሚያዘው፤ በሚጫነው ሻንጣ አይፈቀድም።

አዲሱን መግዛት የሚሻለው መቼ ነው?

ለመሥሪያ ቤት አንድ ዓይነት ማሽን ከደረሰኝ እና ከጽሑፍ ዋስትና ጋር ከተፈለገ፣ ወይም ቀኑን ሙሉ መብራት በሌለበት ለሚሠራ ሰው። ያኔም ቢሆን በጀቱን ትንሽ ገፍተው ኢንቴል ኤን100፣ 8 ጊጋ ራም እና የሚቀየር ኤስኤስዲ ያለውን ይፈልጉ፤ ኤን100 ባለ አራት ኮር ሆኖ ኃይል ቆጣቢ ነው። 4 ጊጋውን ግን ለተማሪም አንመክርም።

4ኛ ወይም 5ኛ ጀነሬሽን ቤትዎ ካለ አይጣሉት፣ ከሌለዎት ግን አይግዙት። ሃርድ ዲስኩን በሳታ ኤስኤስዲ ይቀይሩ፣ ራሙን 8 ጊጋ ያድርሱት፣ በዊንዶውስ ምትክ የሚሠራውን ሊኑክስ ሚንት ይጫኑበት። ለጽሑፍ፣ ለኢሜይል እና ለልጆች ትምህርት ገና ዓመታት ይሠራል። አማርኛ ለመጻፍ አይባስ ኤም17ኤን የሚባለውን ጥቅል መጫን ይበቃል። ራሙ በአብዛኛው ዲዲአር3ኤል ነው፣ ከዲዲአር4 ማስገቢያ ጋር አይገጥምም፤ ገበያ ሲወጡ አሮጌውን ነቅለው ይዘው ይሂዱ።