ለልጄ የፀሐይ መከላከያ ልብስ ለሰፉልኝ ጋሼ ምስጋናዬ ይድረስ

ሴት ልጄ ሦስተኛ ዓመቷን ይዛለች። አልቢኒዝም ስላለባት ቆዳን ከፀሐይ የሚጠብቀው ሜላኒን በበቂ መጠን የላትም፤ እኩዮቿ ቀኑን ሙሉ የሚቦርቁበት ፀሐይ እሷን ቶሎ ያቃጥላታል። የአዲስ አበባ አየር ቀዝቀዝ ማለቱ ያዘናጋል እንጂ ከተማችን ያለችው ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነው፤ ከፍታው በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር ደግሞ ቆዳን የሚያቃጥለው የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር 10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። የፀሐይ መከላከያ ክሬም ዋጋው የሚቀመስ አይደለም፣ ላብም ያጥበዋል። ስለዚህ ዋናው መከታዋ ልብስ ነው። እሱም ካልቀለላት አውልቃ ትጥለዋለች።

ይህንን ሁሉ ለልብስ ሰፊያችን አጫወትኳቸው። ስማቸውን እንዳልጽፍ ስለለመኑኝ ጋሼ ብቻ ልበላቸው። ከመደርደሪያው ጨርቆች እያወረዱ በመስኮቱ ብርሃን ላይ ይዘረጉና እጃቸውን ከኋላ ያደርጋሉ። «ጣቴን ያሳየ ጨርቅ ፀሐዩንም ያስገባል» እያሉ ስሱን ሁሉ መለሱት። በመጨረሻ የመረጡት ድርና ማጉ ጠበቅ ያለ፣ ጠቆር ያለ ሰማያዊ የጥጥ ፖፕሊን ነው። ሲነኩት ግን ቀላል ነው።

አልቢኒዝም ያለባቸው አብዛኞቹ ሰዎች ዕይታቸውም ይደክማል፤ ልጄም ያገኘችውን ነገር ሁሉ ጎንበስ ብላ፣ አፍንጫዋን አስጠግታ ነው የምታየው። ጋሼ ልኬት ከመውሰዳቸው በፊት ወለሉ ላይ የወደቁ ቁልፎችን ስትለቅም ዝም ብለው አዩአት። ስታጎነብስ ሸሚዟ ከወገቧ ይሸሻል፣ ማጅራቷም ይጋለጣል። ማንም ሳይነግራቸው የጀርባውን በኩል ከፊቱ በአራት ጣት አስረዘሙት፤ ኮሌታውንም ቆም ያለ አደረጉት። እኔ እናቷ ያላስተዋልኩትን ነው ያዩት! እጅጌው ረጅምና ሰፋ ያለ ነው፤ ብብቱ ሥር አየር የሚያስገባ፣ በላዩ ጨርቅ የተደረበበት ክፍተት ትተውለታል። የውስጥ ስፌቱ ጠርዝ በሙሉ ታጥፎ ስለተደፈነ ቆዳዋን የሚፈትግ ነገር የለም። ስታድግ የሚለቀቅ ትርፍ ጨርቅም እጅጌው ጫፍ ላይ አጥፈው አስቀርተዋል።

በዚያው ጨርቅ ባርኔጣም ሠሩላት። ክንፉ ዓይኗ ላይ እንዳይወድቅ ጠንካራ ገበር አለው፤ የታችኛው ገጽ ጥቁር ስለሆነ ከመሬት የሚያንጸባርቀው ብርሃን አይወጋትም። ከኋላ ማጅራቷን የሚሸፍን መጋረጃ ተንጠልጥሎለታል።

ልብስ አላት ብዬ ከረፋዱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 10 ሰዓት ባለው ጠራራ ፀሐይ አላቆያትም፤ ጥላ ያስፈልጋታል። ነገር ግን ጠዋትና አመሻሽ ላይ ግቢ ወጥታ ስትጫወት ልቤ አርፏል፤ እሷም ልብሱን አላወለቀችም። ጋሼ፣ እጅዎ ይባረክ! ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ።

እንደ ልጄ ያለ ልጅ የምታሳድጉ ወላጆች በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ ጋሼን ጠይቄ አገናኛችኋለሁ። ልጃችሁን ይዛችሁ ሂዱ፣ በስልክ በተላከ ልኬት አይሰፉም። በዓል ሲቃረብ ሥራ ስለሚበዛባቸው ቀደም ማለት ይሻላል።