«20 በመቶ ታይሞኪኖን አለው» ተብሎ ስለሚሸጠው የጥቁር አዝሙድ ዘይት የተጻፈ ማስጠንቀቂያ

በቴሌግራም ቻናሎችና በአንዳንድ የመዋቢያ መሸጫ ሱቆች «ንፁህ፣ ያለ ሙቀት የተጨመቀ፣ 20 በመቶ ታይሞኪኖን ያለው» እየተባለ የሚሸጥ የጥቁር አዝሙድ ዘይት አለ። ታይሞኪኖን ለጥቁር አዝሙድ ጥቅም ዋና ምክንያት ነው የሚባለው፣ በፍሬው ውስጥ ያለ ንጥረ ነገር ነው። 250 ሚሊ ሊትር የሚይዘውን ጠርሙስ የስኳር ሕመም ላለባት አክስቴ በ1,800 ብር ገዝቼላት ነበር፤ ሌሎች ሸማቾች ገንዘባቸውን ከማውጣታቸው በፊት የሚከተለውን ቢያነቡ እወዳለሁ።

ከሁሉ አስቀድሞ፣ የተጻፈው ቁጥር ፍሬው ተጨምቆ በሚወጣ ዘይት ውስጥ ሊገኝ አይችልም። ከጥቁር አዝሙድ ፍሬ ክብደት ከ30 እስከ 40 በመቶ የሚሆነው ቅባት ሲሆን፣ አብዛኛው በሱፍ ዘይትም ውስጥ የምናገኛቸው ሊኖሌይክና ኦሌይክ አሲዶች ናቸው። ሽታውንና የሚያቃጥል ጣዕሙን የሚሰጠው ተናኝ (በቀላሉ የሚተን) ዘይት ግን ቢበዛ ከፍሬው 2.5 በመቶ ግድም ነው፤ ታይሞኪኖን የሚገኘውም በዚሁ ውስጥ፣ ከሌሎች ውህዶች ጋር ተቀላቅሎ ነው። ለሻጩ አድልተን፣ በ100 ኪሎ ፍሬ ውስጥ ያለው ተናኝ ዘይት አንድም ሳይባክን ወጣ፣ ግማሹም ታይሞኪኖን ሆነ ብንል እንኳ፣ በሚገኘው 30 ኪሎ ዘይት ውስጥ የሚኖረው 1.25 ኪሎ፣ ማለትም 4 በመቶ ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ ወይ ቁጥሩ ሐሰት ነው፣ ወይ ከውጭ የተጨመረ ነገር አለ፤ በሁለቱም መንገድ «ንፁህ» የሚለው ቃል አይቆምም።

ታይሞኪኖን ብርሃንና ሙቀት ሲያገኘው ይበላሻል፤ በብርሃን ዳይታይሞኪኖን ወደሚባል ሌላ ውህድ ይለወጣል። ጠንቃቃ አምራች ዘይቱን በጠቆረ ብርጭቆ የሚያሽገው ለዚህ ነው። እኔ የገዛሁት ግን ብርሃን በሚያሳልፍ ፕላስቲክ የታሸገና ፀሐይ በሚያገኘው የሱቅ መስኮት ላይ የተደረደረ ነበር። ቤት ሲከፈት መልኩ ገርጣ ያለ ቢጫ ሲሆን፣ በርበሬ ሲሰናዳ የሚሸተውን የጥቁር አዝሙድ ሽታ አልያዘም፤ በምላስ ሲቀመስም አይመርም፣ ጉሮሮም አይነካም። የአገልግሎት ማብቂያውን ቀን የያዘው ወረቀት በጥፍር ሲላጥ ከሥሩ ቀኑ ያለፈ ሌላ ወረቀት ተገኘ። በጠርሙሱ ላይ የታተመው፣ ስለ ጥቁር አዝሙድ ፈዋሽነት የሚናገረው ሐዲስም የሚናገረው ስለ ፍሬው ነው እንጂ ስለዚህ ጠርሙስ አይደለም።

ከገንዘቡ ይልቅ የሚያሳስበው ሻጩ «ስኳርን ከሥሩ ስለሚነቅል ኪኒኑን አቁሚ» ብሎ አክስቴን መምከሩ ነው። ታይሞኪኖን በቤተ ሙከራ ሕዋሳትና በአይጦች ላይ ብግነትን እንደሚቀንስ ታይቷል፤ በሰዎች ላይ በተደረጉ አነስተኛ ጥናቶችም ጥቁር አዝሙድ የደም ስኳርንና ኮሌስትሮልን በመጠኑ እንደሚቀንስ ተዘግቧል። ይህ ግን ሜትፎርሚንን የመሰለ የስኳር ኪኒን የሚተካ ሕክምና አያደርገውም። እንዲያውም ትክክለኛው ዘይት ስኳር የመቀነስ አቅም ስላለው፣ እንደ ግሊቤንክላማይድ ካሉ የስኳር መድኃኒቶች ጋር ሲወሰድ ስኳርን ከመጠን በላይ ሊያወርድ፣ ደም እንዳይረጋ የሚያደርገውን ዋርፋሪን በሚወስድ ሰው ላይ ደግሞ የመድማት አደጋን ሊጨምር ይችላል። ዘይቱ ባዶ ከሆነ ኪኒን ያቆመ ሕመምተኛ ያለ መድኃኒት ይቀራል፤ እውነተኛ ከሆነም ያለ ሐኪም ዕውቀት መጠኑን የሚቆጣጠርለት የለም።

ሻጩ «የተከፈተ አይመለስም» ብሏል። ሆኖም የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሸማች እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት የመጠየቅ መብት ሰጥቶታል፤ በሽታ ይፈውሳል ተብሎ የሚሸጥን ምርት በተመለከተም ለኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ማመልከት ይቻላል። ይህን ዘይት የገዛችሁ ካላችሁ ደረሰኙን ወይም የባንክ ዝውውሩን ማስረጃ፣ ከሻጩ ጋር የተጻጻፋችሁትንና ጠርሙሱን ከነወረቀቱ አትጣሉ፤ የሻጩ የቴሌግራም ቻናል ቅሬታዬን ካቀረብኩ በኋላ መልእክቶቹን ማጥፋት ጀምሯል።