ሶምጂን ወይስ ሰሜን ሃን? በኮሪያ ገጠር የወንዝ ዳር የብስክሌት መንገድ ለመምረጥ

በደቡብ ኮሪያ ወንዝ ተከትሎ በብስክሌት ለመጓዝ የሚያስብ ሰው የሚቸገረው መንገድ አጥቶ ሳይሆን በዝቶበት ነው። መንግሥት እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ ባካሄደው የአራቱ ታላላቅ ወንዞች ፕሮጀክት በሃን፣ በናክዶንግ፣ በጉምና በዮንግሳን ወንዞች ዳርቻ የብስክሌት መንገዶች ተዘርግተዋል፤ ከኢንቾን ተነሥቶ አገሪቱን አቋርጦ ቡሳን የሚደርሰው ዋናው መስመር ብቻውን 633 ኪሎ ሜትር ነው። ይሁንና ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ዕረፍት ላለው፣ የከተማውን ጫጫታ ጥሎ ገጠሩን ማየት ለሚፈልግና የተለየ የስፖርት ብቃት ለሌለው ሰው ምርጫው በተግባር በሁለት መንገዶች መካከል ይወድቃል፤ አንዱ በሰሜን በኩል ቡክሃን ተብሎ የሚጠራው የሰሜን ሃን ወንዝ መንገድ ሲሆን፣ ሌላው በደቡብ ምዕራብ የሚገኘው የሶምጂን ወንዝ መንገድ ነው። ሁለቱም የአስፋልትና የኮንክሪት ንጣፍ ያላቸው፣ በአብዛኛው ሜዳማ የሆኑና ለመጓዝ ክፍያ የማይጠየቅባቸው ስለሆኑ ልዩነታቸውን በዋጋ ወይም በንጣፍ ጥራት መፈለግ አያዋጣም።

መጀመሪያ መታየት ያለበት ውሃው ራሱ ነው። የሰሜን ሃን መንገድ 70 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው ሲሆን፣ ከኡንጊልሳን ባቡር ጣቢያ አካባቢ ተነሥቶ ቹንቾን ከተማ በሚገኘው የሺንሜ ድልድይ ያበቃል። በዚህ ርቀት ውስጥ የፓልዳንግ፣ የቾንግፕዮንግና የኡይአም ግድቦች ውሃውን ስለሚያቁሩት፣ ብስክሌተኛው ከጎኑ የሚያየው ሰፊና ጸጥ ያለ፣ ተራሮች የሚታዩበት የውሃ አካል ነው፤ ወንዝ ከሚባል ይልቅ እርስ በርስ የተያያዙ ሐይቆች ቢባል ይቀልላል። ሶምጂን ግን 149 ኪሎ ሜትር የሚዘልቀው መንገዱ ከሶምጂን ግድብ ግርጌ ስለሚጀምርና በአራቱ ወንዞች ላይ ከተሠሩት 16 ትልልቅ የውሃ መከተሪያዎች አንዱም እርሱ ላይ ስላልተሠራ፣ ውሃው ድንጋይ ለድንጋይ ሲወርድ ድምፁ ይሰማል፣ ወደ ታች ደግሞ የአሸዋ ዳርቻዎች ይታያሉ። ወንዝ ዳር መጓዝ ማለት የሚፈስ ውሃ ማየት ነው ብሎ ለሚያምን ሰው፣ እኔም ከእነርሱ አንዱ ነኝ፣ የሶምጂን ብልጫ ገና ከዚህ ይጀምራል።

መንገዱ ከኢምሺል ወረዳ ተነሥቶ በጎክሶንግና በጉሬ በኩል አልፎ ጓንግያንግ ላይ ባሕር ይደርሳል። በላይኛው ክፍል ጃንግጉንሞክ በሚባለው ስፍራ ወንዙ ጎድጉዶ ያለሰለሳቸው ዓለቶች ተዘርግተው ይታያሉ፤ ከእነዚህም መካከል የአገሬው ሰው የፖፖ ዓለት ብሎ የሚጠራው፣ መሐሉ ክብ ሆኖ የተቦረቦረው ትልቅ ድንጋይ አንድ ጊዜ በሌቦች ተጭኖ ከተወሰደ በኋላ ወደ ቦታው የተመለሰ ነው። ከዚያ ወረድ ብሎ ሃያንጋ ላይ በጃፓን ቅኝ አገዛዝ ዘመን ለባቡር ተብሎ የተቆፈረ ዋሻ አለ፤ ዛሬ ብስክሌት ያልፍበታል። ከጉሬ በታች ሸለቆው ይሰፋል፤ የጆላንና የግዮንግሳንግን ክፍላተ ሀገር የሚያገናኘው የናምዶ ድልድይ፣ ከማዶ ያለው የኋጌ ገበያ፣ በሃዶንግ ኮረብታዎች ላይ ያለው የሻይ ተክል፣ በመጨረሻም በመጋቢት ወር ነጭ አበባ የሚለብሰው የፕለም መንደር በተከታታይ ይመጣሉ። የቼሪ አበባ የሚፈነዳው ከዚህ ትንሽ ዘግይቶ፣ በመጋቢት መጨረሻና በሚያዝያ መጀመሪያ ነው (ወሮቹን በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጠራቸው)። ይህ ወቅት ብዙውን ጊዜ ከዐቢይ ጾም ጋር ስለሚገጥም፣ የሚጾም ተጓዥ ከሩዝና ከአትክልት የሚሠራ ቢቢምባፕ የሚባለው ምግብ ያለ ሥጋና ያለ እንቁላል እንዲቀርብለት አስቀድሞ ይጠይቅ፤ ኪምቺ የሚባለው የኮመጠጠ ጎመን ደግሞ አትክልት ብቻ ቢመስልም በአብዛኛው የዓሣ ወይም የሽሪምፕ ማጣፈጫ እንደሚገባበት ይወቅ።

የሰሜን ሃን መንገድ ጥንካሬ ሌላ ነው። ከፊሉ የተሠራው የሴኡል–ቹንቾን ባቡር እ.ኤ.አ. በ2010 ወደ አዲስ ሐዲድ ሲዛወር በተለቀቀው አሮጌ መስመር ላይ ስለሆነ፣ ባቡርም ዳገት ስለማይወድ፣ ልጅ ይዞ ለሚጓዝ ወይም ከብዙ ዓመት በኋላ ወደ ብስክሌት ለተመለሰ ሰው የሚመች ነው። ከመንገዱ ብዙም ሳይርቁ የባቡር ጣቢያዎች ስላሉ፣ የደከመው ጋፕዮንግ ላይ አቁሞ በባቡር ሊመለስ ይችላል፤ በሶምጂን እንዲህ ያለ መውጫ የሚገኘው እንደ ጎክሶንግ ባሉ ጥቂት ቦታዎች ብቻ ነው።

ለእኛ ደግሞ ቹንቾን ሌላ ምክንያት አላት። ከሺንሜ ድልድይ ተሻግሮ በኡይአም ሐይቅ ምሥራቃዊ ዳርቻ ወደ ከተማው የሚወርድ ሰው የባቡር ጣቢያውን አልፎ ጥቂት ቢቀጥል ጎንግጂቾን ይደርሳል፤ እዚያ በኮሪያ ጦርነት ለተዋጉት የቃኘው ሻለቃ ወታደሮች የቆመው ሐውልት፣ ጣሪያው የጎጆ ቅርጽ ያለው የመታሰቢያ አዳራሽ፣ እንዲሁም እ.ኤ.አ. ከ1968 ጀምሮ የኢትዮጵያ ቤት በሚል ስም የሚሠራው ቡና ቤት ይገኛሉ። ሐውልቱ በዚያው ዓመት ሲመረቅ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ተገኝተው ነበር። ለአንድ ሰዓት ያህል ብስክሌቱን አቁሞ ማየት ይገባል።

ምርጫውን በመጨረሻ የሚወስነው ግን፣ በእኔ ግምት፣ ውበት ሳይሆን ብስክሌቱ እንዴት እንደሚደርስ ነው። የሴኡል የከተማ ባቡር (ሜትሮ) የማይታጠፍ ብስክሌት የሚቀበለው በመሠረቱ በቅዳሜ፣ በእሑድና በበዓላት፣ ያውም በፊተኛውና በመጨረሻው ፉርጎ ነው። ስለዚህ የሰሜን ሃንን መንገድ ለመጓዝ የሚመቸው ቀን መንገዱ በቤተሰብና በጥንዶች የሚጨናነቅበት ቀን ይሆናል። ከዚህ ማምለጫው የብስክሌት ማስቀመጫ ያለውን ከሴኡል ወደ ቹንቾን የሚሄደውን የአይቲኤክስ ቾንግቹን ፈጣን ባቡር ቦታ አስቀድሞ በመያዝ በሥራ ቀን መሄድ ወይም ብስክሌት ሳይዙ ሄዶ ቹንቾን ጣቢያ አካባቢ መከራየት ነው። የሴኡልን የጋራ ብስክሌት ይዞ ለመሄድ ማሰብ አያስፈልግም፤ የሚከራየው ለአጭር ሰዓት ነው፣ መመለስም ያለበት እዚያው ከተማው ውስጥ ወዳለ ማቆሚያ ነው።

ወደ ሶምጂን የሚወስደው አውቶቡስ ነው። ብስክሌቱ ከታች ባለው የሻንጣ ክፍል ይገባል፤ ቦታ መኖሩን የሚወስነው ሹፌሩ ስለሆነ በበዓል ዋዜማ ባይሞከር ይሻላል። ኢምሺል ደርሼ እከራያለሁ ማለት ለችግር መጋበዝ ስለሆነ፣ የራሱ ወይም ለብዙ ቀን ከሴኡል የተከራየው ብስክሌት የሌለው ሰው ይህን መንገድ ለሌላ ጊዜ ቢያቆየው እመክራለሁ። ከተማ ለከተማ ያለው ርቀት ረጅም፣ ጎሚስታም በቀላሉ የማይገኝበት አገር ስለሆነ ትርፍ የውስጥ ጎማ፣ ፓምፕና ውሃ መያዝ ግዴታ ነው። ብስክሌቱ ማርሽ ያለው፣ ጎማው መካከለኛ ስፋት ያለው ቢሆን ይበቃል፤ ቀጭን የውድድር ጎማ ግን በመከር ጊዜ ገበሬዎች እህልና በርበሬ በሚያሰጡባቸው፣ የእርሻ መኪና በሚያልፍባቸው ክፍሎች ያሳስባል።

በሁለት ቀን ለመጨረስ የሚያስብ ጎክሶንግ ወይም ጉሬ ቢያድር ኪሎ ሜትሩ በግምት ይካፈልለታል። ሦስት ቀን ካለው ግን ሁለተኛውን ሌሊት ሃዶንግ አካባቢ አድርጎ ጠዋት ከወንዙ የሚወጣውን የትናንሽ ዛጎል ሾርባ ቢቀምስ አይቆጭም። ለሁለቱም መንገዶች ከሰኔ መጨረሻ እስከ ሐምሌ የሚዘልቀው የዝናብ ወቅት አይመረጥም፤ ሶምጂን እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2020 ሞልቶ ጉሬን ያጥለቀለቀ ወንዝ ነው። በብርዱ ወራት፣ በታኅሣሥና በጥር፣ ቹንቾን ክፉኛ ስለምትበርድ ደቡቡ ይሻላል።

389 ኪሎ ሜትሩን የናክዶንግ መንገድ ያነሣሁት የለም፤ ረጃጅም ቀጥ ያሉ ክትሮችና በመካከላቸው ድንገት የሚመጡ ጨካኝ ዳገቶች ያሉበት ስለሆነ፣ አገር አቋርጦ ቡሳን መድረስን ዓላማ ላላደረገ ሰው አይሆንም።

ሶምጂንን የመረጠ ሰው ትኬት ሲቆርጥ አንድ ነገር ይጠንቀቅ። ግድቡ አጠገብ ያለችው ትንሽ ከተማ ጋንግጂን ትባላለች፤ በደቡብ ጆላ ክፍለ ሀገር በባሕሩ አጠገብ ደግሞ በዚሁ ስም የሚጠራ ሌላ፣ ከእርሷ የሚበልጥ ወረዳ አለ። በትኬት መስኮቱ ላይ «ኢምሺል ያለችው ጋንግጂን» ብሎ መናገር፣ ወይም በጆንጁ ከተማ በኩል መሄድ፣ ብስክሌቱን ይዞ የተሳሳተ ባሕር ዳር ላይ ከመውረድ ያድናል።