የማይተኩሰው ማውዘር፦ ከወራት ቆይታ በኋላ የተጻፈ ግምገማ

ይህ ግምገማ የሚመለከተው የጀርመኑን ካራቢነር 98ኬ ማውዘር ጠመንጃ መስሎ የተሠራ፣ ጥይት የማይጎርስና የማይተኩስ አምሳያ ነው። የገዛሁት በምኖርበት በቨርጂኒያ ግዛት ሆኜ በኢንተርኔት ሲሆን፣ የከፈልኩበትም ዋጋ ከሁለት መቶ ዶላር ትንሽ ከፍ ይላል። ከፋሲካ ሰሞን ጀምሮ ቤቴ ስለቆየ፣ ዕቃው ከካርቶኑ በወጣ ማግስት ከሚጻፍ ሙገሳ የተሻለ ነገር ለመናገር የምችል ይመስለኛል።

እውነተኛ ጠመንጃ በሕጋዊ መንገድ መግዛት በሚቻልበት ግዛት እየኖሩ የማይተኩስ ብረት መግዛት ለብዙ ሰው ግራ የሚያጋባ ነገር ነው። የእኔ ምክንያት ግን ቀላል ነው። ውጅግራ፣ ምንሽር፣ አልቢንና ለበን የሚሉትን የጠመንጃ ስሞች ከሽማግሌዎች አፍ እየሰማን ካደግነው አንዱ ነኝ፤ የድሮ ጠመንጃ እንዴት ተሠርቶ እንዴት እንደሚንቀሳቀስ በእጄ ይዤ ማወቅ እፈልጋለሁ። ዒላማ የመምታት ፍላጎት ግን የለኝም፤ ልጆች በሚሯሯጡበት ቤት ውስጥም ጥይት የሚጎርስ ነገር እንዲኖር አልሻም። እንዲህ ላለ ሰው አምሳያው ትክክለኛው ምርጫ ነው።

ስለ መልኩ ከተነሣ ቅሬታ የለኝም። የእውነተኛው ጠመንጃ ርዝመት 1.11 ሜትር፣ ክብደቱም አራት ኪሎ ገደማ ሲሆን፣ አምሳያው በሁለቱም ብዙ አይርቅም። ሰደፉ ከእንጨት፣ ሌላው አካሉ ከዚንክ ቅይጥ የተሠራ ነው። ደስታው ያለው ግን ማቀባበያው ላይ ነው፤ እጀታውን ወደ ላይ አንሥቶ ወደ ኋላ ሲስቡት፣ መልሶ ወደ ፊት ገፍቶ ወደ ታች ሲቆልፉት፣ በ1898 እ.ኤ.አ. የወጣው የማውዘር አሠራር ለምን ከሃምሳ ዓመት በላይ በብዙ አገር ሠራዊት እጅ እንደቆየ ከመጽሐፍ ይልቅ በመዳፍ ይገባል። ምላጩ ሲሳብ ቀጭ ይላል፤ ድምፁ ግን የብረት ጥራት የለውም፣ ዝግት ያለ ነው። እውነተኛውን የሚያውቅ ጆሮ ወዲያው ይለየዋል።

ወራት ካለፉ በኋላ ድክመቶቹም ወጥተዋል። እጀታው ከማቀባበያው ጋር በሚገናኝበት ቦታ ጥቁሩ ቀለም ተፍቆ ከሥሩ ነጣ ያለው ቅይጥ ብቅ ብሏል፤ ይህ ከንክኪ የሚመጣ ስለሆነ ማስቀረት አይቻልም፣ ቀለም ልቀባው ብሎ መሞከርም ይብስ ያበላሸዋል። የማንገቻው ብሎን ሁለት ጊዜ ላልቶ በካቻቢቴ አጥብቄዋለሁ። የጥንቃቄ ቁልፉ ለጌጥ የተቀመጠ እንጂ የሚሠራ አይደለም፤ ይህን የሻጩ መግለጫ በግልጽ ሊጽፈው ይገባ ነበር። የዚንክ ቅይጥ እንደ ብረት አይዝግም፣ ነገር ግን ተሰባሪ ነው፤ ስለዚህ ምላጩን ለጨዋታ ደጋግሞ መሳብ የውስጡን ሞላና ጥርሱን ይጨርሳል። ለጥገናው ደረቅ ጨርቅና አልፎ አልፎ የሲሊኮን ዘይት ጠብታ ይበቃል።

ከአፈሙዙ ውስጥ ብርቱካናማ መድፈኛ አለ። በ1988 እ.ኤ.አ. የወጣው የአሜሪካ ፌዴራል ሕግ፣ የውሸት መሆኑ እንዲለይ፣ የአሻንጉሊትና የአምሳያ ጠመንጃ አፈሙዝ በደማቅ ብርቱካናማ መድፈኛ እንዲዘጋ፣ መድፈኛውም ከጫፉ ከ6 ሚሊ ሜትር በላይ ወደ ውስጥ እንዳይገባ ያዛል። ከ1898 እ.ኤ.አ. በፊት የተነደፉና የተመረቱ ጠመንጃዎች የማይተኩሱ የሰብሳቢ አምሳያዎች ግን ከዚህ ግዴታ ነፃ ናቸው። እንግዲህ የ1874ቱ (እ.ኤ.አ.) ውጅግራ አምሳያ ያለ ብርቱካናማ ምልክት ሊሸጥ ይችላል፣ የእኔው ማውዘር ግን አይችልም ማለት ነው። ሰብሳቢዎች «መልኩን ያበላሸዋል» እያሉ መድፈኛውን ሲነቅሉ ወይም በጥቁር ሲቀቡ አያለሁ። እኔ አልነካሁትም፣ የሚነካውንም አልመክርም።

ይህን የምለው ምልክቱ በራሱ ሕይወት ያድናል ብዬ አይደለም። በማታ፣ ከሩቅ ወይም ከጎን ለሚያይ ሰው አፈሙዝ ውስጥ ያለች ብርቱካናማ ቀለም ምንም ማለት አይደለችም፤ እውነተኛ መሣሪያውን ብርቱካናማ የሚቀባ ወንጀለኛም አለ። በአሜሪካዋ ኦሃዮ ግዛት ውስጥ በ2014 እ.ኤ.አ. በጥቂት ወራት ልዩነት የደረሱት ሁለት ሞቶች ነገሩን በግልጽ ያሳያሉ። በነሐሴ ወር ጆን ክሮፎርድ በቢቨርክሪክ ከተማ አንድ ዋልማርት መደብር ውስጥ ለሽያጭ ከተቀመጠበት ያነሣውን የአየር ጠመንጃ ይዞ እየተዘዋወረ ሳለ በፖሊስ ተገደለ። በኅዳር ደግሞ የ12 ዓመቱ ታሚር ራይስ በክሊቭላንድ አንድ መናፈሻ ውስጥ ብርቱካናማ ጫፉ የወለቀ የፕላስቲክ ጥይት ሽጉጥ ይዞ ነበር። ወደ ፖሊስ የደወለው ሰው «ምናልባት የውሸት ሊሆን ይችላል» ብሎ ነበር፤ ይህ ቃል ግን በመኪና ወደ ቦታው ለሚሄዱት ፖሊሶች አልተነገራቸውም፤ ልጁም እነርሱ በደረሱ በሁለት ሰከንድ ውስጥ ተመታ።

ስለዚህ የዚህ ዕቃ አደጋ ያለው ሞላው ወይም ብረቱ ውስጥ ሳይሆን በሚያየው ሰው ዓይን ውስጥ ነው፤ የምንከፍልበት ውበት ይኸው መመሳሰሉ በመሆኑም ውበቱን ከአደጋው ለይቶ መግዛት አይቻልም። የቨርጂኒያ ሕግም ነገሩን እንዲሁ ያየዋል፤ መሣሪያ የሚመስል ማንኛውንም ዕቃ፣ ይተኩስም አይተኩስም፣ ሰውን በሚያስፈራ ሁኔታ መደገን ወይም ማሳየት እስከ 12 ወር እስራትና እስከ 2,500 ዶላር ቅጣት ያስከትላል።

በቤቴ አምሳያው የሚቀመጠው በሚቆለፍ ቁም ሳጥን ውስጥ ነው፤ ከመስኮት አጠገብ አይወጣም፣ ወደ ሰው አይደገንም፣ ልጆችም ያለ እኔ አይነኩትም። ግድግዳ ላይ መስቀል ያምራል፣ ከመንገድ የሚታይ ከሆነ ግን ጣጣ ነው። በቀድሞው ጦር ያገለገሉ አንድ ጎረቤቴ ቡና ሊጠጡ መጥተው ሳለ አውጥቼ ብሰጣቸው፣ ቃል ሳይናገሩ አፈሙዙን ወደ ወለሉ አዘነበሉት፤ ማቀባበያውን ስበው ጥይት የሚገባበትን ቦታ በትንሿ ጣታቸው ዳሰሱት። «ጋሼ፣ የውሸት ነው እኮ» ብላቸው፣ «የውሸት ነው ያልከኝ አንተ ነህ ልጄ፤ እጄ ገና አልሰማም» አሉኝ። ጣታቸው የተደፈነውን ብረት ካገኘ በኋላ ነው ፈገግ ብለው ሰደፉን ትከሻቸው ላይ ያሳረፉት።

የካቲት 23 ሲደርስ የሚመጣብኝን ጥያቄ ደግሞ ለብቻው ላንሣው። የአድዋን በዓል በአባቶች ልብስ የሚያከብሩ ወጣቶች ለፎቶ አውሰን ይሉኛል። ጦርና ጋሻ ይዞ መናፈሻ መውጣት አንድ ነገር ነው፤ ጠመንጃ የሚመስል ነገር ይዞ፣ ያውም በአሜሪካ ከተማ፣ መውጣት ፍጹም ሌላ ነው። እግረ መንገዴንም አስታውሳቸዋለሁ፤ ድሉ የተገኘው በ1888 ዓ.ም. ስለሆነ የማውዘሩ 98 ገና አልተሠራም ነበር፣ ይህ የእኔ ዓይነቱ ደግሞ ጀርመን በ1935 እ.ኤ.አ. የተቀበለችው ነው። ለበዓሉ የሚስማማው ውጅግራ ነው፤ እርሱንም ቢሆን እቤት ውስጥ ፎቶ ተነሥቶ መመለስ ይሻላል። ወደ አዲስ አበባ ስትሄድ ይዘህልኝ ና ላለኝ ዘመዴም እምቢ ብያለሁ። አምሳያ ከአሜሪካ አውሮፕላን ጣቢያ ሲነሣ በእጅ ሻንጣ አይፈቀድም፣ በሚጫነው ብቻ ነው፤ የጦር መሣሪያ በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 በጥብቅ በሚቆጣጠርበት አገር ጉምሩክ ፊት ደግሞ ኤክስሬይ ላይ የሚታየው ቅርጽ የውሸት መሆኑን ለማስረዳት መቆም ጤናማ ጉዞ አይደለም።

የፕላስቲክ ጥይት ከሚተፋው የኤርሶፍት ዓይነት ጋር የሚያወዳድሩኝ አሉ። እርሱ የስፖርት ዕቃ ነው፤ የ6 ሚሊ ሜትር ጥይቱ ዓይን ሊያጠፋ ስለሚችል መከላከያ መነጽር ግዴታ ነው፣ መጫወቻውም የታጠረ ሜዳ ነው። ለታሪክና ለአሠራር ፍቅር ያለው ሰው ግን የማይተኩሰውን ቢገዛ አይጸጸትም፤ ለሚቆለፍ ማስቀመጫም አስቀድሞ ገንዘብ ይያዝ፣ የእኔው የጠመንጃውን ዋጋ ግማሽ ያህል ወስዷል። ከመግዛቱ በፊት ሻጩን የጥንቃቄ ቁልፉ ይሠራ እንደሆነ፣ ሰደፉ እንጨት ይሁን ፕላስቲክ፣ መለዋወጫ ብሎንና ሞላ ለብቻው ይሸጥ እንደሆነ ይጠይቅ። እኔ አሁን የቆዳ ማንገቻ እያፈላለግሁ ነው፤ አብሮት የመጣው ጠርዙ መሰንጠቅ ጀምሯል።