ልጆቻችንን ዮጎፍ ጫካ ውስጥ ለሚያስተምሩልን መምህር

ኮምቦልቻና ደሴ አካባቢ ልጅ የምታሳድጉ ሁሉ፣ አንድ ሰው ልጠቁማችሁ። እግረ መንገዴንም በአደባባይ ላመስግናቸው። ጡረታ የወጡ የባዮሎጂ መምህር ናቸው። ስማቸው እንዲጻፍ አልፈለጉም፤ ልጆቹ «ጋሼ» ስለሚሏቸው እኔም ጋሼ እላቸዋለሁ። ቅዳሜ ጠዋት ጥቂት ልጆች ይዘው ዮጎፍ ደን ይገባሉ። ትምህርቱ እዚያው በእግር እየተሄደ ነው።

ልጄ አራተኛ ክፍል ናት። የእጽዋትን ክፍሎች ከአካባቢ ሳይንስ መጽሐፏ በቃሏ ትወጣቸዋለች። ደጃችን ያለውን ዛፍ ግን ስሙን አታውቅም ነበር። አሁን መንገድ ላይ እጄን ይዛ እያስቆመች እሷ ናት የምታሳየኝ።

ጋሼ ለጥያቄ ቶሎ መልስ አይሰጡም። ከሁሉም በላይ የወደድኩላቸው ይህንን ነው። አንድ ቅዳሜ አብሬያቸው ወጥቼ ነበር። ልጆቹ ጎን ለጎን የቆሙ ሁለት ጥዶች አዩ። አንዱ ሰማያዊ ፍሬ ይዟል፣ ሌላው ባዶ ነው። «ጋሼ፣ ይሄኛው ለምን አላፈራም?» አሉ። «እስቲ ሌሎቹንም ዞር ዞር ብላችሁ እዩ» አሏቸው። በቃ፣ ልጆቹ ከዛፍ ዛፍ እየሮጡ ያፈራ፣ ያላፈራ እያሉ ደብተራቸው ላይ መጻፍ ጀመሩ። «ታሞ ነው» ያለ ነበር። «ሕፃን ስለሆነ ነው» ያለችም ነበረች። ግን ያላፈራው ለምለም ነው፣ ግንዱም ትልቅ ነው። በመጨረሻ አንዱ ልጅ ካላፈሩት ጥዶች ቅርንጫፍ ጫፍ ላይ ደቃቅ ቢጫ ነገር አገኘ። ነካ ሲያደርገው ዱቄት ቦነነ። ጋሼ አፋቸውን የከፈቱት ያኔ ነው። ጥድ አብዛኛውን ጊዜ ወንዴውና ሴቴው ለየብቻ የቆሙ ዛፎች ናቸው። የወንዴውን ዱቄት ነፋስ ይወስደዋል፣ ሴቴዋ ታፈራለች። ማታ ልጄ ይህን ለአያቷ ስታስረዳ ብትሰሟት!

ሌላ ጊዜ ደግሞ ትልቅ ጥድ ሥር የበቀለች የወይራ ችግኝ አግኝተው ማን ተከላት ተባባሉ። ለካ ወፎች ናቸው። የወይራ ፍሬ በልተው ጥዱ ላይ ሲያርፉ ዘሩን ይጥሉታል።

እንዶድ ባገኙ ቀን የሳይንቲስቱን የዶክተር አክሊሉ ለማን ታሪክ ነገሯቸው። እ.ኤ.አ. በ1964 ዓድዋ ወንዝ ዳር ሴቶች በእንዶድ ልብስ ያጥባሉ። እሳቸው ደግሞ ከዚያ በታች ቀንድ አውጣዎቹ ሞተው ያያሉ። የቢልሃርዚያን በሽታ አስተላላፊ ቀንድ አውጣ የሚገድል ተክል የተገኘው እንዲህ ነው። ልጄ ከዚያ ወዲህ ወንዝ ዳር ስንደርስ ጎንበስ ብላ ድንጋይ ሥር ታያለች።

ቤታችሁ ልትሞክሩት የምትችሉትም አለ። ሁለት የሃይላንድ ፕላስቲክ በቁመታቸው ቆርጠው፣ አንዱ ላይ ከጫካው ሥር ቅጠል ያለበት አፈር፣ ሌላው ላይ ከተራቆተ ቦታ የመጣ አፈር አደረጉ። ዘንበል አድርገው ውኃ አፈሰሱ። የጫካው አፈር ውኃውን እንደ ስፖንጅ መጠጠው፤ ያለፈውም ጠራ ያለ ነበር። ከባዶው የወረደው ጭቃ ነው። «ቦርከና ክረምት ላይ የሚደፈርሰው ለዚህ ነው!» ብለው የጮኹት ልጆቹ ራሳቸው ናቸው።

ጥንቃቄያቸውም ያሳርፋል። መጀመሪያ ከደን ጠባቂዎቹ ጋር ይነጋገራሉ። ሳይጠይቁ ፍሬ መቅመስ፣ ቅርንጫፍ መስበር፣ ጦጣ ማባረር ክልክል ነው። ረመዳን ላይ ለሚጾሙት ልጆች ሲሉ መንገዱን ያሳጥሩታል። መክፈል ያልቻለ ወላጅንም ልጁን አይመልሱበትም። ጋሼ፣ ዕድሜ ከጤና ይስጥልን!

አቀበቱ ስለሚበረታ ለትንንሾቹ አልመክርም፤ ሰባት ዓመት ያለፈው ይችለዋል። ዝናብ ሲበረታ ጉዞው ይቆማል። ሽፍን ጫማ፣ ውኃ፣ ደብተርና እርሳስ አስይዟቸው። ስልክ ቤት ይቅር። የጋሼን ቁጥር የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ አስፈቅጄ እሰጣችኋለሁ።