ለአባዬ ደም እንደራሷ ደም ለተጨነቀችው የላብራቶሪ ባለሙያ

አባዬ ሲኤምኤል የሚባለው የደም ካንሰር እንዳለበት ከታወቀ ዓመት ሆነው። በየሦስት ወሩ ከደሴ አዲስ አበባ ይመጣል፤ ለአንዲት ቱቦ ደም።

የዛሬ ሦስት ወር ሌላ ቦታ (የት እንደሆነ ይቅር) ሰጥቶ ተመለሰ። ከዘጠኝ ቀን በኋላ ተደወለለት። "ናሙናው ተበላሽቷል፣ እንደገና ይምጡ።" ለምን? መልስ የለም። አባዬ "ደሜ ቀድሞኝ አረጀ" ብሎ ሳቀ። እኔ ግን በግኜ ነበር።

ምክንያቱን ያስረዳችኝ እሷ ናት። ስሜን እንዳትጽፍ ስላለችኝ አልጽፍም። በሽታው የሚመጣው 9ኛውና 22ኛው ክሮሞዞም ቁራጭ ሲቀያየሩ ነው። በዚያ ቢሲአር-ኤቢኤል የሚባል ጂን ይፈጠራል። ፒሲአር የሚባለው ምርመራ የሚለካው ከዚህ ጂን የሚወጣውን አር ኤን ኤ (የጂኑን ቅጂ) ነው፤ እሱ ደግሞ ቶሎ ይበላሻል። አርብ ማታ ተቀድቶ ሰኞ የሚሠራ ደም አያስተማምንም። "ሰኞ ወይም ማክሰኞ፣ በጠዋት ኑ" አለችን።

ሐምራዊ ክዳን ባለው ቱቦ ቀዳችና ቀስ እያለች ገለባበጠችው። ስምንት ጊዜ ቆጠርኩ። አባዬ "በደንብ ናጪው እንጂ!" ሲላት "አባባ፣ ቅቤ አይወጣው" አለችው።

አባዬ ደግሞ በተለመደው የደም ቆጠራ፣ በሲቢሲ፣ ነጭ የደም ሴሉ 6,000፣ ጤነኛው መጠን ውስጥ፣ መግባቱን አይቶ "ድኛለሁ፣ ኪኒኑን ላቁም" ይል ነበር። እኛ ለምነን ለምነን ያቃተንን እሷ በአንድ አፍ ጨረሰችው። "ሲቢሲ ጆንያው ስንት ኪሎ እንደሆነ ነው የሚነግርዎት። ፒሲአር ግን ከስንዴው መሐል እንክርዳዷን ይለቅማል። እንክርዳዷ ገና አለች። ሐኪምዎ ሳያውቅ እንዳያቆሙ።" ገበሬ ነውና ገባው።

የድሮውን የውጤት ወረቀትም አስመጥታ አየችው። ኢንተርናሽናል ስኬል (ላብራቶሪዎች ውጤታቸውን የሚያስተካክሉበት የጋራ መለኪያ) የሚል አልተጻፈበትም። ያለዚያ የአንዱን ላብራቶሪ ቁጥር ከሌላው ጋር ማስተያየት ያሳስታል። እናንተም ወረቀታችሁን እዩት፣ ከተቻለም ሁሌ አንድ ቦታ ተመርመሩ።

ውጤቱ ሲወጣ ራሷ ደወለች። ቢሲአር-ኤቢኤሉ 0.08 በመቶ! በዓመቱ ከ0.1 በመቶ አለመብለጥ ነበር የሐኪሙ ምኞት። አባዬ ስልኩን ይዞ ዝም አለ፤ ከዚያ መረቃት፣ መረቃት፣ አላቆም አለ።

የምትሠራበትን ለምትፈልጉ ኢንቦክስ አድርጉልኝ። ያመጣላትን የወሎ ማር ግን "ክልክል ነው" ብላ መልሳዋለች። ይኸው ጠረጴዛዬ ላይ ተቀምጧል፤ አባዬም እንደተቀየመ ነው።