ኢላማውም መመርመሪያውም ጋዝ የሆነበት መሣሪያ፦ የሂሊየም-ዜኖን ሲንቲሌተር ግምገማ

ባለ ጋዝ ሲንቲሌተሩ (ቅንጣት ሲያልፍበት ብርሃን የሚሰጥ መመርመሪያ) አራት ኪሎ ወደሚገኘው የማስተማሪያ ላቦራቶሪያችን ከገባ ወዲህ፣ ዕቃው ዋጋውን ያወጣል ወይ ብለው የሚጠይቁኝ ባልደረቦች ስለበዙ፣ ያየሁትን ማስፈር ተገቢ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። መሣሪያው ሂሊየምና ጥቂት ዜኖን የሚሞላበት የብረት ሲሊንደር ሲሆን፣ በሁለት ጫፎቹ የኳርትዝ መስኮትና ደካማ ብርሃንን ወደ ኤሌክትሪክ ምልክት የሚቀይር ፎቶመልቲፕላየር ተገጥመውለታል።

ትልቁ ብልጫው የፎቶን (የብርሃን ቅንጣት) ጨረር የሚመታው ጋዝና ውጤቱን በብርሃን የሚገልጸው ጋዝ አንድ መሆናቸው ነው። በአሜሪካ፣ ሰሜን ካሮላይና፣ ዱርሃም ባለው የጋማ ጨረር ማዕከል የሂሊየም-4 ኒውክሊየስ በፎቶን ሲሰበር የተጠናው በዚሁ ዘዴ ነው። ኒውክሊየሱን ወደ ፕሮቶንና ትሪቲየም (ከባድ የሃይድሮጅን ዓይነት) ለመክፈል 19.8 ሚሊዮን ኤሌክትሮን ቮልት (የቅንጣቶች ጉልበት መለኪያ) ስለሚያስፈልግ፣ 25 ሚሊዮን ኤሌክትሮን ቮልት ጉልበት ያለው ፎቶን ሲገባ የሚተርፈው 5.2 ሚሊዮን ኤሌክትሮን ቮልት ለሁለቱ ቅንጣቶች ይከፋፈልና፣ ግፊቱ በቂ ከሆነ፣ እዚያው ጋዙ ውስጥ ብርሃን ይሰጣል። በፕሮቶን ፈንታ ኒውትሮን በሚወጣበት ጊዜ ግን ከተረፈው ጉልበት ሦስት አራተኛ ያህሉን ይዞ ስለሚያመልጥ የሚታየው ብርሃን በጣም ያንሳል፤ ሁለቱን ክስተቶች በብርሃናቸው መጠን መለየት መቻሉ ከልብ የሚያስደስት ነገር ነው።

እዚህ አንድ ወጥ ጉልበት ያለው የፎቶን ጨረር ስለማናገኝ አልፋ ቅንጣት በሚያመነጨው ሬዲዮአክቲቭ ንጥረ ነገር፣ በአሜሪሲየም-241፣ ፈተንነው። የአልፋ ቅንጣቱ 5.49 ሚሊዮን ኤሌክትሮን ቮልት ስላለው ከላይ ለጠቀስሁት መጠን የቀረበ፣ እውነተኛ ፈተና ነው፤ ምልክቱም ፈጣንና ጥርት ያለ ሆኖ አግኝተነዋል።

ቅሬታዬ በጋዙ ንጽሕና ላይ ነው። ንጹሕ ሂሊየም የሚያመነጨው የ80 ናኖሜትር ገደማ ብርሃን በኳርትዝ ስለማያልፍ፣ ወደ 175 ናኖሜትር የሚያመጣው ዜኖኑ ነው፤ ይህን የጉልበት ቅብብል ግን ጥቂት ኦክስጅን ወይም የውኃ እንፋሎት ያከሽፈዋል። ከጎማ ማሸጊያዎቹ በሚወጣው እርጥበት ምክንያት ማታ የተሞላው ጋዝ ጠዋት ብርሃኑ ጉልህ በሆነ መጠን ቀንሶ ይገኛል። አቅራቢው ጋዙን የሚያነጻውን ማጣሪያ ለብቻው የሚሸጥ ዕቃ ማድረጉን አልቀበለውም፤ ያለ እርሱ መሣሪያው ጎዶሎ ነውና።

የአጠቃቀም መመሪያው የተጻፈው ለባሕር ጠለል ነው። በአዲስ አበባ ከፍታ የአየሩ ግፊት ከ0.8 ባር በታች ስለሆነ፣ ከውጭው አየር በላይ ያለውን ግፊት ብቻ የሚያነበው መለኪያ 5 ባር ሲያሳይ ትክክለኛው ግፊት መመሪያው ከሚለው 6 ባር ያንሳል፤ ተማሪዎች ይህን ማረም አለባቸው።

የላቦራቶሪ በጀት የሚያዘጋጅ ሰው ሲሊንደሩን ከማጣሪያው ጋር በአንድ ሰነድ ይግዛ፤ ማጣሪያው ከተቆረጠበት ግን ግዢውን ቢያዘገየው እመርጣለሁ። ዜኖን በአየር ውስጥ ከ10 ሚሊዮን አንድ እጅ እንኳ የማይሞላ ውድ ጋዝ በመሆኑም፣ ከእያንዳንዱ ሙከራ በኋላ በፈሳሽ ናይትሮጅን አቀዝቅዞ የሚሰበስብ ጠርሙስ ይጨመርበት፤ ናይትሮጅኑ ለከብት ማዳቀያ ዘር ማቆያ የሚውለው ዓይነት ስለሆነ በአገር ውስጥ ይገኛል።